አስፋልቱ ያለቀበት ቤት

ወደ መስኮቱ እንዴት እንደሚኬድ እኔን አትጠይቁኝ። እኔ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ፤ ሥራዬ አስፋልቱ እስካለበት ድረስ ነው። አስፋልቱ ሲያልቅ ሞተር ሳላጠፋ ሰው አራግፋለሁ፣ የሚመለስ ካለ እጭናለሁ፣ እሄዳለሁ። ያን ሁሉ ዓመት በዚያ መስመር ስመላለስ ድንጋዩን ያየሁት እንደ ማንኛችሁም በካሌንደር ላይ ነው። በበረሃ መሃል የቆመ ቀይ ድንጋይ፣ ሆዱ የተቦረቦረ፣ በቀዳዳው ሰማይ የሚታይበት። ለዚያ ነው መስኮት ያሉት። በክብሪት ላይ አለ፣ በፖስታ ካርድ ላይ አለ፣ ትኬት መቁረጫችን ግድግዳ ላይም ተለጥፏል። ሰው እሱን ልይ ብሎ ባሕር አቋርጦ ይመጣል። እኔ ቀዳዳ ልይ ካልኩ የቤቴ ጣራ ይበቃኛል።

መንገዱን የምትናገረው እትዬ ነበረች። አስፋልቱ ተቆርጦ አሸዋው በሚጀምርበት ቦታ አንዲት ሻይ ቤት አለች፤ ሁለት ክፍል፣ ከፊቷ የቆርቆሮ ጥላ፣ ከኋላዋ የመኪና መጠገኛ። ሌላ ቤት የለም። እንግዳ ከአውቶቡስ ወርዶ ወደ መስኮቱ በየት ነው ሲል እትዬ ማንቆርቆሪያዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ትጀምራለች። የደረቀውን ወንዝ በግራችሁ ይዛችሁ ሂዱ ትላለች። ወንዙ ሲከፈል ሰፊውን ትታችሁ ጠባቡን ግቡ፣ ሰፊው አታላይ ነው። ነጭ ሜዳ ስታገኙ በመሃሉ እንለፍ እንዳትሉ፤ ላዩ ደረቅ ነው፣ ሆዱ ጭቃ ነው፣ መኪና ይውጣል፣ ዳር ዳሩን ዙሩ። ከዚያ የተኛ ግመል የሚመስል ኮረብታ ይመጣል። መኪናው እሱ ሥር ይቆማል፣ ሌላው በእግር ነው፤ ዳገቱን ስትጨርሱ መስኮቱ ፊት ለፊታችሁ ነው። ስትመለሱ በሄዳችሁበት የጎማ ፈለግ ተመለሱ፤ አቋራጭ የሚባል ነገር እዚያ አልተፈጠረም።

ይህን ስትናገር የሰማ ሁሉ ትናንት ደርሳ የመጣች ይመስለዋል። እሷ ግን አንድም ቀን ሄዳ አታውቅም። ዕድሜዋን ሙሉ ደጁ ተቀምጣ ድንጋዩን አላየችውም። ለምን ብዬ ስጠይቃት «ማን ይቀመጥልኛል?» አለችኝ። ያኔ አልገባኝም ነበር። እናንተ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ስለ ግድግዳው ልንገራችሁ።

ቤቷ ስትገቡ ከበሩ ትይዩ ያለው ግድግዳ ሥዕል የለው፣ መስታወት የለው፣ ምስማር ብቻ ነው። ወደ መስኮቱ የሚሄድ ሁሉ እዚያ ምስማር ላይ አንድ ዕቃ ሰቅሎ ነው የሚሄደው። ትርፍ ዕቃ አይደለም፤ ባለቤቱ ሳይወስደው የማያድር ዕቃ መሆን አለበት። ባርኔጣ፣ የቤት ቁልፍ፣ የሕፃን ጡጦ። ሲመለስ ባለቤቱ ራሱ በገዛ እጁ ያወርደዋል። እሷ አታወርድም፣ ሹፌሩም አያወርድም። ፀሐይ ስታዘነብል ምስማር ላይ ዕቃ ካለ ሰው በረሃ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው። ያኔ ጣራው ላይ ትወጣና የጋዝ መብራቷን፣ ማሾውን፣ ትለኩሳለች፣ ሹፌሮቹም ፍለጋ ይወጣሉ። ግድግዳው ባዶ ከሆነ ግን ሁሉም ገብቷል፤ በሯን ዘግታ ትተኛለች። ዕቃ ተሰቅሎ እያለ ቤቱ ለአፍታም ባዶ አይሆንም። አንድ ሰው ደጁ ላይ ወንበር አውጥቶ፣ ፊቱን ወደ አሸዋው አዙሮ መቀመጥ አለበት። ያ አንድ ሰው ሁልጊዜ እሷ ነበረች።

አንድ ሽማግሌ ሌላ ምን አለኝ ብሎ የሰው ሠራሽ ጥርሱን አውልቆ በመሃረብ ጠቅልሎ ሰጣት። ብስኩቱን እንደ ከረሜላ ሲመጥ ውሎ ተመለሰ። ከሁሉም መኪና ቀድሞ የገባው የእሱ ነበር አሉ። እትዬ ይህን ስታወራ ዓይኗ እንባ እስኪያቀር ትስቃለች፤ ከዚያ ወዲያ ጥርስ አልቀበልም ብላ ደነገገች።

እትዬ የምላት በዕድሜ ስለምትበልጠኝ ነው። በመጀመሪያው ቀን አንቱ ብያት ነበር። «እዚህ አንቱ የሚባል ሰው የለም፤ ካለም ፈልገህ ሻይ እሱን ጠይቀው» አለችኝ። እኔን መንገደኛው ሁሉ ጥድፊያው ነው የሚለኝ፤ እሷም ከእነሱ ተማረች። ሻዬን የምጠጣው ቆሜ ነው፣ አንድ እግሬ አውቶቡሱ ደረጃ ላይ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰማህም ትለኛለች። አንድ ቀን እውነትም ሸሚዜ ላይ አፈሰስኩት፤ ያንን ሸሚዝ በለበስኩ ቁጥር ታነሳብኝ ነበር። ሚስት ያላገባሁትም እየቸኮልኩ አልፌያት መሆን አለበት ትላለች። ማን ያውቃል፣ እውነቷን ይሆናል።

ባሏም ሹፌር ነበር፤ የእኔ ዓይነት ሳይሆን የአሸዋ ሹፌር። እሱን እኔ አልደረስኩበትም። የነገረችኝ እሷ ናት፤ የጎደለውን ዝምታው የምንለው ሹፌር ሞላልኝ። ዝምታው የባሏ ባልንጀራ ነው፤ ከባሏ በኋላ እንግዳ የሚያመላልሰው እሱ ነበር። ከሦስት ጥያቄ አንዱን ይመልሳል፤ የሚመልሰውም ካንተ ጥያቄ ጋር ላይገናኝ ይችላል።

እሷና ባሏ እዚያ የሰፈሩት በተጋቡ በማግሥቱ በሚባል ጊዜ ነው። ቤቷን የሠራት እሱ፣ ግድግዳውን ያሰበችው እሷ። ነገ እወስድሻለሁ ይላታል፤ ነገ ሲሆን እንግዳ ይመጣል፣ መቀመጫው ይሞላል፣ ዕቃ ይሰቀላል፣ እሷ ትቀመጣለች። እሱ ራሱ ግን አንድም ቀን ዕቃ ሰቅሎ አያውቅም። እንግዳ አስይዞ ይሄዳል እንጂ የቤት ሰው በገዛ ቤቱ ምን ያስይዛል? ስትጨቀጭቀው «መያዣዬ አንቺ አይደለሽ እንዴ? ከዚህ የበለጠ ምን ልስቀልልሽ?» ይላታል። ይሄን ሲል ማን ሴት ትቆጣለች? ትስቅና ትተወዋለች።

ደግሞ ማሾውን ያመሰግንላት ነበር። ከመስኮቱ ሥር ቆሜ ሳይ መብራትሽ ይታየኛል ይላታል። ሌሎቹ ሹፌሮች ይስቁበት ነበር፤ ለሚስቱ የሚለው ቢያጣ ነው፣ ከዚያ ድረስ እንኳን ማሾ ፀሐይም በቅጡ አትታይ ይላሉ። እነሱ ፀሐይ ሳትጠልቅ ስለሚመለሱ አይተው አያውቁም። እሷም ሽንገላ ነው ብላ ይዛዋለች፤ ደስ የሚል ሽንገላ።

አንድ ቀን አሸዋ የያዘ ንፋስ ተነሳ። የአንዲት ሴት የገለባ ባርኔጣ ምስማር ላይ ነበር፤ ከዝምታው ጋር የሄዱ እንግዶች ናቸው፣ ዘግይተዋል። ባሏ ከጓሮ መኪናውን ሲጠግን ውሏል። ዘገዩ ሲል ጊዜ ያቺኑ መኪና አስነስቶ ሊፈልጋቸው ወጣ። ወደ ቤት ገብቶ ሄድኩ አላላትም፤ የቤት ሰው ነዋ። ንፋሱ የሞተሩን ድምፅ ይዞት ሄደ። እሷ ክብሪት ይዛ ማሾውን ልትለኩስ መሰላሉን ስትይዝ የዝምታው መኪና በሌላ በኩል ዞሮ ከች አለ። ሴትዮዋ እየሳቀች ባርኔጣዋን ከምስማሩ አወረደች። ግድግዳው ባዶ ሆነ። እትዬ ተመስገን ብላ ክብሪቱን ወደ ኪሷ መለሰችው። ባሏ ከጠዋት ጀምሮ መለዋወጫ ጎደለኝ እያለ ሲነጫነጭ ስለነበር ከአውቶቡሱ ጋር ከተማ የወረደ መሰላት። ወዲያው ንፋሱ ወደቀ፣ ሰማዩ ጠራ፤ እሷም በሯን ዘግታ ተኛች።

ሲነጋ መጠገኛው ባዶ ነው። መኪናዋን ኮረብታው ሥር አገኟት፣ የፊት እግሯ ተሰብሮ፣ በሯ ተከፍቶ። እሱን አላገኙትም። ድንጋዩ ከንፋስ በከለለው በኩል ዳገቱን የሚወጣ የእግር ዱካ ነበር፤ የሚወርድ ዱካ አላገኙም። ብዙ ፈለጉ፣ ሰልችቷቸው ሳይሆን ተስፋ ቆርጠው ተዉት። ሰውን ሁሉ ያስገረመው ግን ያ ዱካ ነው። መንገድ የጠፋው ሰው ወደ ቤቱ ያቀናል እንጂ ወደ ድንጋይ ይወጣል? ውሃ ጥም አእምሮውን ነስቶት ነው አሉ። እሷ ግን ይሄን አልተቀበለችም። ባሌ ዝም ብሎ ዳገት የሚወጣ ሰው አይደለም አለች፤ የሥራ ኮፍያውን አምጥታም ምስማር ላይ ሰቀለችው።

እኔ በመስመሩ ስመደብ ያ ኮፍያ ፀሐይ በልታው ቀለሙ ጠፍቶ ነበር። ሌላው ዕቃ ይሰቀላል፣ ይወርዳል፤ እሱ እዚያው ነው። በዚህ ምክንያት ግድግዳው ባዶ ሆኖ አያውቅም፣ ማሾውም ሳይለኮስ መሽቶ አያውቅም። እትዬ ወንበሯን ታወጣለች፣ ፊቷን ወደ አሸዋው ታዞራለች። እያወራችኝ እንኳ ዓይኗ በትከሻዬ በላይ ያልፋል። መጀመሪያ ንቀት መስሎኝ ነበር።

ኋላ በወዲያኛው በኩል አዲስ አስፋልት ተሠራ፤ እስከ ድንጋዩ ግርጌ ድረስ። ማቆሚያ አለው፣ መጸዳጃ አለው፣ ጥላ አለው። እንግዳው ሁሉ ወደዚያ ዞረ። አሸዋ መግፋት የሚወድ ማን አለ? እኔም ባዶ አውቶቡስ እየነዳሁ ወዲህና ወዲያ ማለት ጀመርኩ። ሹፌሮቹ አንድ በአንድ ሄዱ፤ ዝምታው ብቻ ቀረ፣ እሱም ለምን እንደቀረ ስላልተናገረ አናውቅም። ከግድግዳው ላይ ከኮፍያው በቀር ዕቃ ጠፋ። እሷ ግን ጠዋት ተነስታ ብርጭቆዎቹን ታጥባለች፣ ሰው ያልጠጣባቸውን፤ ከዚያ ወንበሯን አውጥታ ትቀመጣለች። ይሄን ሳይ ሆዴ ይባባል፤ ሆዴ እንዳይታወቅብኝ ጥሩምባ እነፋለሁ።

ከተማ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ ልጅ አለቻት። እናቷን ልትወስድ በእኔ አውቶቡስ መጣች። እዚያው ጥላው ሥር ተከራከሩ፣ እኔ ሻዬን ይዤ ያልሰማሁ መስዬ ቆሜያለሁ። ልጅቷ ክፍል አዘጋጅታላታለች፣ አልጋ ገዝታለች፣ መስኮቱ ወደ መንገድ ነው፣ ሰው ሲያልፍ ታያለሽ ትላታለች። እናትየው ዕቃ ተሰቅሎ ቤቱን ጥዬ አልሄድም ትላለች።

«እማዬ፣ አባዬ አይመጣም እኮ» አለች ልጅቷ።

«እንደማይመጣ አጥቼው ነው? ምን ሊያደርግ ያንን ዳገት እንደወጣ ልወቅ፤ እሱን ካወቅሁ ኮፍያውን በእጄ አወርደዋለሁ።»

ልጅቷ እንግዲያው ሂጂና እዪው፣ እኔ እቀመጥልሻለሁ አለች። እትዬ ልጄን የአባቷን ኮፍያ እያየች ስትጠብቅ አላውላትም ብላ እምቢ አለች። እናት ናት፣ ምን ይደረጋል። ልጅቷ እስከ ከተማ ድረስ ፊቷን ወደ መስታወቱ አዙራ አለቀሰች። ስትወርድ «ጋሼ፣ መስመሩ ሊዘጋ ነው አሉ፤ በመጨረሻው ጉዞ ይዘዋት ይምጡልኝ። እርስዎን ትሰማለች» አለችኝ። እኔን? እኔን እንኳን እትዬ ያቺው አውቶቡስ በቅጡ አትሰማኝ።

እውነትም መስመሩ ተዘጋ። የመጨረሻው ቀን ስሄድ ወንበሮቹ ሁሉ ባዶ ነበሩ፤ ከኋላ የላላ መስታወት አለ፣ እሱ ብቻ ሲንኳኳ አብሮኝ ሄደ። የስምሪት ኃላፊው ሳይመሽ ተመለስ፣ አውቶቡሷ ነገ ለሌላ መስመር ትፈለጋለች ብሎኛል። ደርሼ ጥሩምባ ነፋሁ። እትዬ ወንበሯ ላይ ናት። ሻንጣ የለም፣ ጥቅልል የለም። እንሂድ እንጂ ስላት፣ ሻይ ትጠጣለህ ወይ አለችኝ።

በዚህ መሃል ዝምታው መኪናውን አስነስቶ ከጓሮ ወጣ። በመንገዱ ላይ ለምልክት የቆሙትን በርሜሎች ሊለቅም ነው፤ አሮጌውን መንገድ አምኖ የሚገባ ሰው እንዳይጠፋ አንሷቸው ተብሏል። እስከ ድንጋዩ ሄዶ ይመለሳል። ከጎኑ ያለውን በር ከውስጥ ገፍቶ ከፈተው። ለእሱ ይሄ ረጅም ንግግር ነው።

እትዬ በሩን አየችው። ከዚያ ዞራ ግድግዳውን አየች። ፊቷ ላይ የነበረውን ነገር መናገር አልችልም፤ አንጀቴን በላችው ብቻ ልበል። ያን ሁሉ ዓመት ለሰው ሁሉ ተቀምጣለች፤ ለጥርስ አልባው ሽማግሌ፣ ለባለ ባርኔጣዋ፣ ስማቸውን ለማታውቃቸው ሁሉ። ለእሷ የተቀመጠ አንድ ሰው የለም። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እጄ ወደ ቁልፉ ሄደና ሞተሩን አጠፋሁት። እዚያ ቦታ ላይ ሞተር ሳጠፋ የመጀመሪያዬ ነው፤ ጸጥታው ሁለታችንንም ስላስደነገጠን ዞረን አውቶቡሷን አየናት።

«ሂጂ እትዬ። እኔ እቀመጣለሁ» አልኳት።

«አንተ?» አለች። «ሻይ ተቀምጠህ ጠጥተህ የማታውቅ?»

እቀመጣለሁ አልኩ፣ ሂጂ። ለረጅም ጊዜ አየችኝ፣ እንደ መያዣ ዕቃ፣ ይሄ ይያዛል ወይስ አይያዝም እንደሚሉ። ከዚያ ሕጉን ነገረችኝ። ጋዜጣ አይነበብም። አይተኛም። ጀርባ ለአሸዋው አይሰጥም። ፀሐይ ኮረብታውን ስትነካ ማሾው ይለኮሳል፣ መሰላሉ ሦስተኛው ላይ ይከዳል፣ እዘለው። 

መነጽሯን አውልቃ ከኮፍያው አጠገብ ሰቀለች። እንዴ፣ ሳታዪ ልትመለሺ ነው ወይ ብላት «የቅርብ ነው። የሩቁን ዓይኔ ለምዶታል» አለችኝ። መኪናዋ ውስጥ ስትገባ እንደ ሙሽራ ቀሚሷን ሰብስባ ነበር። ነጎዱ።

ተቀመጥኩ። ወንበሩ በእሷ ልክ ጎድጉዷል፣ ለእኔ አይመችም። በመጀመሪያ ስለ ስምሪቱ አሰብኩ፣ ምን እንደሚለኝ፣ ምን እንደምመልስለት። ያ አለቀ። ከዚያ አሸዋውን አየሁ። አሸዋ ምን ይታያል? መኪናዋ ያስነሳችው አቧራ ቀጠነ፣ ጠፋ፣ ከዚያ ወዲያ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ሻይ ላፍላ ብዬ ተነሳሁና እምቢ አለኝ፤ ጀርባዬን ስሰጥ የሆነ ነገር የሚያመልጠኝ መሰለኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

እንደዚያ ስትቀመጡ የራስ ነገር ይመጣል። እኔ ማታ ቤቴ ስገባ ቁልፉ ከኪሴ ነው። ብገባም ባልገባም የሚያውቅ የለም። አንድ ቀን ገደል ብገባ መጀመሪያ የሚፈልገኝ መሥሪያ ቤቱ ነው፣ እሱም አውቶቡሷን ፈልጎ። ሰው ሁሉ እንደዚህ ነው የሚኖረው እያልኩ ራሴን ሳታልል ኖሬያለሁ። ለካ አንዳንዱ ሰው የሚጠብቀው አለው። ብቸኛ መሆኔን የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ የዚያን ቀን ግን በቅጡ አወቅሁት፣ ደስም አላለኝም።

ፀሐይ ገና ኮረብታውን ሳትነካ ፈራሁ። መኪናዋ ተሰብራ ይሆን? ነጩ ሜዳ ውጧቸው ይሆን? ዝምታው የልብ ሕመም አለው ሲሉ ሰምቻለሁ። ወደ ውስጥ ዞሬ ሳይ መነጽሩና ኮፍያው ጎን ለጎን ተሰቅለዋል፣ መነጽሩ ንፋስ ሲነካው ይወዛወዛል። ሁለቱም አይመጡም የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ ተነስቼ መሰላሉን ያዝኩ። ሦስተኛውን መዝለል ረስቼ ክንዴ ተላጠ። ከጊዜው ቀድሜ ማሾውን ለኮስኩት። ለኩሼም አልወረድኩም፣ ሕጉን ጥሼ ጣራው ላይ ተቀመጥኩ፣ ከዚያ ይበልጥ ይታያል ብዬ። ፀሐይ ጠለቀች፣ አልመጡም። ጨለማው ሲይዝ ስለት ሁሉ ተሳልኩ፤ የምሳለው ነገር ስለሌለኝ ዳግመኛ አልቸኩልም ብዬ ተሳልኩ።

የመኪናዋን መብራት አየሁ። ወርጄ እንደ ሞኝ በር ላይ ቆምኩ። እትዬ ወረደች፤ ጫማዋ በአሸዋ ተሞልቷል። ቀጥታ ወደ ግድግዳው ሄዳ መነጽሯን አውርዳ አደረገች። ከዚያ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባዋን ለአሸዋው ሰጥታ።

ድንጋዩስ አልኳት፣ ሌላ የምለው ስላጣሁ።

ድንጋይ ነው አለች። መሃሉ ቀዳዳ ነው። በቀዳዳው ወዲያ ሲያዩ አዲሱ አስፋልት አለ፣ መኪና ተሰልፏል፣ ሰዎች ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ይስቃሉ። ማንም ዞሮ አላያትም። እሷም ብዙ አላየቻቸውም፤ እግሯ ደክሞ ስለነበር ድንጋዩን ተደግፋ ፊቷን ወደ ቤቷ አዙራ ተቀመጠች። ዝምታው እንሂድ አላላትም። ፀሐይ ጠለቀች፣ ጨለም ማለት ጀመረ። ይሄን እየነገረችኝ ቆመችና ጣራውን በጣቷ አሳየችኝ።

«ይታያል» አለችኝ። «ከታች ከመኪናው ሆነህ አይታይም። ዳገቱን ወጥተህ ከመስኮቱ ሥር ስትቆም ግን እንደ ፍም ቁልጭ ብሎ ይታያል። እውነቱን ነበር።»

እኔ ቶሎ አልገባኝም። ገባኝና ምነው ባልገባኝ አልኩ። ዱካው ለምን ወደ ላይ እንደወጣ ማለት ነው። ንፋሱ ፈለጉን ሲያጠፋበት፣ መኪናው ሲሰበርበት፣ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ሊያይ ነው የወጣው። ወጥቶ ያየበት አቅጣጫ ሁሉ ጨለማ ነበር። እሷ በሯን ዘግታ ተኝታለች፣ ክብሪቱ ከኪሷ ነው። አንቺ ምን ታውቂ ነበር፣ ግድግዳው ባዶ ነበር እኮ ልላት ስል ቀደመችኝ።

«እኔ እሱን ስጠብቅ የኖርኩ መስሎኝ» አለች። «እሱ ነው ለካ እኔን ሲጠብቅ የነበረው።»

አላለቀሰችም። እንደ ልማዷ ብርጭቆዎቹን ወደ መደርደሪያው መለሰች፣ ወንበሩን አስገባች። ከዚያ ኮፍያውን ከምስማሩ አውርዳ አቧራውን በመዳፏ ጠረገችለት። የተሰቀለበት ቦታ ግድግዳው ላይ ነጭ ሆኖ ቀረ። ዝምታው ደጅ ቆሞ ኮፍያውን ሲያይ ፊቱን አዞረ። ሌላ ዕቃ አልያዘችም፤ ልብሴን ልጄ ራሷ ትመጣና ትወስደዋለች አለች።

መሰላሉን ስይዝ ማሾውን ላጠፋ መሆኑን አውቃ እጄን ያዘችው። ተወው፣ ጋዙ እስከሚያልቅ ይብራ አለችኝ። ተውኩት።

ከፊት ወንበር፣ ከእኔ አጠገብ ተቀመጠች፣ ኮፍያው ጭኗ ላይ። ሞተር አስነሳሁ። መንገዱ እስከ መታጠፊያው ድረስ ቀጥ ያለ ነው፤ ማሾው በጎን መስታወቴ ውስጥ ይታያል፣ በእሷም በኩል ባለው መስታወት ይታያል። ስምሪቱ ሲጠራኝ ስልኬ ይንጫጫል፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት።

«ጥድፊያው» አለችኝ፣ ዓይኗን ከመስታወቱ ሳታነሳ። «እስከሚታይ ድረስ ቀስ በልልኝ።»

በመጀመሪያ ማርሽ ነዳሁ።